የወንዶች ሕክምና ወንዶች ወዳሉበት ይሂድ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የጤና ዓምድ ስለ እናቶችና ሕፃናት የሚወጡትን ጽሑፎች ለዓመታት ተከታትያለሁ፤ ብዙም ተምሬባቸዋለሁ። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ግን በዓምዱ እምብዛም ቦታ ስላላገኘው የወንዶች ጤና፣ በተለይም በዚህ ዘርፍ የተሠማሩ ሐኪሞችና የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዎች ሥራቸውን የት ሆነው ቢሠሩት ይሻላል ስለሚለው ጥያቄ ነው። በደሴ ከተማ በቀዶ ሕክምና ክፍል በነርስነት ሳገለግል 19 ዓመት ሞልቶኛል፤ የምጽፈውም በአልጋ ዳር ካየሁት ተነሥቼ ነው።

ባለፈው ጥር አንድ ሌሊት፣ ከወረኢሉ በኩል የመጡ የ68 ዓመት አባት በልጃቸው ተደግፈው ድንገተኛ ክፍል ገቡ። ከዋዜማው ጧት ጀምሮ ሽንት ከልክሏቸዋል። ከእምብርታቸው በታች ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ ጋቢያቸው ሲነካቸው እንኳ ያቃስቱ ነበር። ቱቦ አስገብተን ስናስወጣላቸው ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ወጣ፤ እርሳቸውም ዐይናቸውን ጨፍነው «እፎይ! ዕድሜህን ያርዝመው ልጄ» አሉኝ። የደም ምርመራው ሲመጣ ግን ኩላሊታቸው ተጎድቶ ተገኘ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ እንደሚነሡ፣ ሽንታቸው እየቀጠነና እየተቆራረጠ እንደመጣ የነገሩኝ ልጃቸው ካርድ ሊያወጣ ሄዶ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ነው፤ ያውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ባለቤታቸው ሰውዬው እንቅልፍ የሚያጡት ዐረብ አገር ስላለችው ልጃቸው በመጨነቅ ይመስላቸው ነበር፤ እርሳቸውም እንደዚያው ይምሰላት ብለው ዝም አሉ።

የእኚህ አባት ሕመም የፕሮስቴት ዕጢ ማደግ ነበር። ፕሮስቴት ከፊኛ በታች የሽንት መውጫውን ከብቦ የሚገኝ፣ በወጣትነት የትንሽ ሎሚ ያህል የሆነ ዕጢ ሲሆን ዕድሜ ሲገፋ ማደጉ የተለመደ ነው፤ በ50ዎቹ ከሚገኙ ወንዶች ግማሽ ያህሉ፣ 80ን ከተሻገሩት ደግሞ አብዛኞቹ ይህ ለውጥ ይኖራቸዋል። ይህ ዕድገት ካንሰር አይደለም። በጊዜው ከተደረሰበት የሽንት መውጫውን ጡንቻ በሚያላሉ ወይም ዕጢውን በሚያኮማትሩ እንክብሎች ብዙውን ጊዜ ይታገሣል። የፕሮስቴት ካንሰር ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሲጀምር ምልክት ስለማይሰጥ፣ በተለይ አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው ከሐኪም ጋር ተማክሮ ካንሰሩን በጊዜ ለማግኘት ስለሚደረገው የደም ምርመራ ቢወስን መልካም ነው። እኛ ክፍል የሚደርሱት ግን ብዙዎቹ ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ገብቶባቸው፣ የጀርባ ሕመም መስሏቸው ወጌሻ ዘንድ ሲታሹ ከርመው ነው።

ባልደረቦቼ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሲያጋጥማቸው «ወንዶች ለራሳቸው ቸልተኞች ናቸው» ይላሉ። እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚያ እል ነበር። አሁን ግን አባባሉ ጥፋቱን ሁሉ በሕመምተኛው ላይ ጥሎ እኛን ነፃ የሚያወጣ ሆኖ ይሰማኛል። የጤና አገልግሎታችን ለጤነኛ ወንድ የከፈተው በር የትኛው ነው? ሴት ለእርግዝና ክትትል፣ ለወሊድ፣ ለቤተሰብ ምጣኔ፣ ልጅ ለማስከተብ ጤና ጣቢያ ትመላለሳለች፤ በዚያው አጋጣሚ ግፊቷም ይለካል፣ ደሟም ይታያል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረውና ከ30 ሺህ በላይ ባለሙያዎችን ያሠማራው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እጅግ የምኮራበት ሥራ ነው፤ ቤት ለቤት ስትዞር የምትውለው ባለሙያ ግን አባወራውን እርሻ ወይም ገበያ ሄዶ ታጣዋለች፤ ብታገኘውም የቀበሌው ልጅ ለሆነች ወጣት ሴት ስለ ሽንቱ ይነግራታል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። ወንዱ በጤና ትምህርታችን ውስጥ ስሙ የሚነሣው ባለቤቱን አጅቦ እንዲመጣ ሲነገረው ነው። ለእናቶች የዋለው ጥረት ይቀነስ ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ፤ አባወራው ሲወድቅ ሸክሙ የሚያርፈው በእነርሱው ጫንቃ ላይ ነውና።

ወንዱ ካልመጣ አገልግሎቱ ወደ እርሱ ይሂድ የሚለው ሐሳብ በሌላ አገር ተፈትኖ ውጤቱ ታይቷል። ዶክተር ሮናልድ ቪክተር የተባሉ የልብ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በሎስ አንጀለስ በ52 ፀጉር ቤቶች ያካሄዱትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትመዋል። በጥናቱ የተካተቱት 319 ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች ደም ግፊታቸው ከፍተኛ የነበረና የፀጉር ቤቶቹ ቋሚ ደንበኞች ነበሩ። በአንደኛው ወገን ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን አኗኗሩን እንዲያስተካክልና ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ መከረው። በሌላው ወገን ግን የሠለጠነ የመድኃኒት ባለሙያ እዚያው ፀጉር ቤት እየመጣ፣ ከሐኪሙ ጋር በተደረገ ስምምነት ግፊቱን እየለካ መድኃኒቱን አዘዘለት። ከስድስት ወር በኋላ ምክር ብቻ ያገኙት የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ በ9 ነጥብ ገደማ ሲቀንስ፣ መድኃኒቱ እዚያው የታዘዘላቸው በ27 ነጥብ ቀነሰላቸው። ይህን የልዩነት መጠን ሳነብ ግድግዳ ላይ ስንለጥፋቸው የኖርናቸውን የምክር ፖስተሮች አሰብኩ።

አገሮችም የወንዶችን ጤና ራሱን የቻለ ሥራ አድርገው ይዘውታል፤ አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም የመጀመሪያው የሚባለውን ብሔራዊ የወንዶች ጤና ፖሊሲ ይፋ አደረገች፤ ብራዚልና አውስትራሊያም ብዙ ሳይቆዩ የየራሳቸውን አወጡ።

በእኛ ዘንድ ከሁሉ በላይ በድብቅ የሚያዘው ስንፈተ ወሲብ ነው። ሰዉ የሚያፍርበት ይህ ችግር አንዳንድ ጊዜ የልብ ሕመም ቀዳሚ ምልክት ነው፤ ወደ ብልት የሚሄዱት የደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች የቀጠኑ በመሆናቸው፣ ስኳር፣ ግፊትና ሲጋራ የሚያደርሱት ጉዳት ቀድሞ እዚያ ሊታይ ይችላል። ሐኪም ዘንድ ቢቀርብ ልቡ ሊመረመርለት የሚችለው ሰው ግን ጨለም ሲል መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ ክኒኑን ያለ ማዘዣ ገዝቶ ይሄዳል። ይህ ክኒን ለልብ ሕመም ከሚሰጡት ናይትሬት የተባሉ መድኃኒቶች ጋር ከተወሰደ ግፊትን እስከ ሞት በሚያደርስ ሁኔታ ሊጥል እንደሚችል የሚነግረው የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ነገር ግን የሚገልጥበት ቦታ ያዘጋጀንለት ስንቶቻችን ነን? የመድኃኒት ባለሙያው ከመሸጡ በፊት በር ዘግቶ የሚያነጋግርበት አንዲት ጠባብ ክፍል ብትኖረው እንኳ ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር።

እኔና አንዲት ባልደረባዬ ከሁለት ወር ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የግፊት መለኪያችንን ይዘን ከሠፈራችን ፀጉር ቤት እንቀመጣለን። ባለቤቱ ፎጣውን በደንበኛው አንገት ላይ ከማሠሩ በፊት «ጋሼ፣ እጅዎን ለእነሱ ሰጥተው ይቆዩኝ» ይላል፤ እስካሁን እምቢ ያለው ሰው የለም። ሐኪም ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ሰዎች እጅጌያቸውን ሰብስበው ይዘረጉልናል፤ አንዳንዶቹም ተላጭተው ከጨረሱ በኋላ ውጪ ጠብቀው ሌላውን ችግራቸውን ያወያዩናል። ግፊቱ ከፍ ብሎ ለተገኘው ሰው የምንሰጠው ግን «ሰኞ ጤና ጣቢያ ሂድ» የሚል ምክር ብቻ ነው፤ ሰኞ ደግሞ የቀን ሥራው ነው፤ ቢቀር የዕለት ጉርሱ ይቀርበታል። ስለዚህ የከተማው ጤና መምሪያና የሕክምና ማኅበራት በፀጉር ቤቶች፣ በዕድር ስብሰባዎችና በመናኸሪያዎች መድኃኒት የማዘዝ ፈቃድ ያለው ባለሙያ በወር አንድ ቀን እንዲመድቡ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙም ለየቀበሌው ወንድ ባለሙያ እንዲጨምር በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ከበስተጀርባ ያለችውን የዕቃ ክፍል ለምርመራ እንደሚለቅ ነግሮኛል፤ አልጋውንም እኛ እናመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ፣ ከደሴ