ፖሊስ የፈረሰበት ከተማ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ሩሲያ አብዮት ስትጽፉ የፔትሮግራድን፣ የያኔዋን ዋና ከተማ የዛሬዋን ሴንት ፒተርስበርግ፣ ነዋሪ አትርሱት። እ.ኤ.አ. በ1917 በፌብሩዋሪው አመፅ ፖሊስ ጣቢያዎችና የወረዳው ፍርድ ቤት ተቃጠሉ። ክሬስቲን የመሳሰሉ እስር ቤቶች ሲሰበሩ ከፖለቲካ እስረኛው ጋር ወንበዴውም ወጣ። ንጉሡ (ዛሩ) ከወረደ በኋላ ሥልጣን የያዘው ጊዜያዊ መንግሥት ነባሩን ፖሊስ በትኖ በምትኩ ሚሊሻ አቋቋመ፦ ክንዱ ላይ ጨርቅ ያሰረ፣ ጠመንጃ አያያዝ በቅጡ የማያውቅ ተማሪ፣ የምርመራ ልምድም ሆነ የወንጀለኛ መዝገብ የሌለው። የከተማው ሚሊሻና የሠራተኞቹ ሚሊሻ የሚታዘዙት ደግሞ ለየራሳቸው አለቃ ነበር። ሌባ የያዘ ሰው የት ያስረክበው? ገበያ ላይ ኪስ ሲያወልቅ የተያዘ እዚያው ይቀጠቀጣል፣ ቦይ ውስጥ ይጣላል፤ በስህተት የተጠረጠረውም እንዲሁ። ለማስጣል የገባ ሚሊሻ ራሱ ይደበደባል። በጣም የሚያሳዝነው፣ ይህን ክፍተት የሞላው ፍርድ ቤት ሳይሆን ቼካ፣ ኋላ ሥልጣን የያዙት የቦልሼቪኮች (ኮሚኒስቶች) ምስጢራዊ ፖሊስ፣ መሆኑ ነው፤ በ1917 መጨረሻ ተቋቁሞ በፌብሩዋሪ 1918 ያለ ፍርድ የመረሸን ሥልጣን ተሰጠው።