ወደ መስኮቴ ለመለሳችሁኝ

ሰኞ ጠዋት ወደ መስኮቴ ተመለስኩ። ባንክ ውስጥ "መስኮት" የምንለው ካሸሩ የሚቀመጥበትን ቦታ ነው። ሁለት ዓመት ርቄው ነበር። በአካል ላመሰግናችሁ ስሞክር እንባ እየቀደመኝ ስለተቸገርኩ ልጻፈው አልኩ።

ነገሩ የጀመረው ከአውራ ጣቴ ነው። የሩዝ ፍሬ የምታክል ነጭ ነጥብ ወጣች። ቆይቶ እጄን ሁሉ፣ ከዚያም የአፌን ዙሪያ ያዘው። ለምጽ። ቃሉ ራሱ ይከብዳል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ንዕማን ዮርዳኖስ ውስጥ ሰባት ጊዜ ተጠምቆ የነጻው ከ"ለምጽ" ነው፤ ሰው ስሙን ሲሰማ የሚሸሸውም ለዚህ ይመስለኛል። አንዲት ደንበኛ ከእጄ ብር አልቀበልም ብላ ሄደች። አለቃዬ "ለአንቺው ብዬ ነው" ብሎ ሰነድ ክፍል አስገባኝ። በሚያዝያ ሙቀት እንኳ ጓንት አላወልቅም ነበር። ምሳ ሰዓት ሲደርስ "ጾም ነኝ" እላለሁ። በበዓለ ሃምሳም ሳይቀር!

የቆዳ ሐኪሜ፣ ጓንቴን አስወልቀሽ እጄን በባዶ እጅሽ ይዘሽ ነው ያስረዳሽኝ። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሴሎች ሲያጠቃ የሚመጣ ነው፤ አይተላለፍም። ማይክል ጃክሰንም ይኸው ነበረበት። "ተመስገን፣ ሥጋ ደዌ አይደለም" ስልሽ ደግሞ ተቆጣሽኝ። እሱም በመድኃኒት ይድናል፣ ታማሚዎቹንስ ማን አግልሏቸው አለ አልሽኝ። አፈርኩ።

የምሳ ጓደኞቼ፣ አንድ ረቡዕ ሽሮና ጎመን በትሪ ይዛችሁ ሰነድ ክፍል ድረስ መጣችሁ። "ይኸው የጾም ነው" አላችሁኝ። ሰበብ አለቀብኝ። ስታጎርሱኝ ብዙም አልገረመኝም፤ ሰው አዝኖም ያጎርሳል። አንዷ አፏን ከፍታ "እኔንስ?" ስትለኝ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። አጎረስኳት። ዋጥ አድርጋ "ሁለተኛውስ? ልንጣላ ነው?" አለችኝ።

ጋሽዬ ዘበኛችን፣ በጓንትም ያለ ጓንትም መጨበጥዎን አልተዉም። ማመልከቻዬን ሦስት ጊዜ ያረማችሁልኝም አልረሳኋችሁም። አለቃዬ አንብቦ "ተሳስቻለሁ" አለኝ። ቂም የለኝም። ሁለት ዓመት ግን ሁለት ዓመት ነው።

ሰኞ የመጀመሪያ ደንበኛዬ አንዲት እናት ነበሩ። እጄን አዩት። ብሩን ተቀብለው ሁለቴ ቆጠሩ።

"ልጄ፣ መቶ ብር ይጎድላል" አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ይቅርታ ጠይቄ ጨመርኩላቸው። እሳቸውንም አመሰግናለሁ።