መዝገብ ውስጥ የሚቀረው ማስረጃ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

የወንጀል ፍትሕ ነገር በተነሣ ቁጥር ክርክሩ በአብዛኛው የሚያተኩረው በጊዜ ቀጠሮ፣ በዋስትናና በመዝገብ መጓተት ላይ ነው። በተከላካይ ጠበቃነት ችሎት የምመላለስ ሰው ነኝና እነዚህ ጉዳዮች ምን ያህል እንደሚያንገበግቡ አላጣውም። ይሁንና ንጹሕ ሰው ጥፋተኛ ተብሎ እንዲፈረድበት ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ እምብዛም ሲነሣ አልሰማም፤ እርሱም ፖሊስ ሰብስቦት፣ ዐቃቤ ሕግም አይቶት፣ ነገር ግን ተከሳሹም ዳኛውም ሳያዩት መዝገብ ውስጥ የሚቀረው ማስረጃ ነው።

ይህ ምን ሊያስከትል እንደሚችል በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ነዋሪ በነበረው በማይክል ሞርተን ላይ የደረሰው ያሳያል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1986 ሞርተን ማለዳ ወደ ሥራው ከሄደ በኋላ ሚስቱ በአልጋዋ ላይ ተደብድባ ሞታ ተገኘች፤ ቤት ውስጥ ከእርሷ ጋር የነበረው የሦስት ዓመት ልጃቸው ብቻ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ኬን አንደርሰን፣ ሞርተን በልደቱ ቀን ማታ በሚስቱ ተቀይሞ ገደላት ሲል ከሰሰው፤ ጠዋት ከቤት ሲወጣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ትቶላት የሄደውን የቅሬታ ማስታወሻም ለዚሁ አስረጂ አደረገው። በ1987 ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

በመርማሪው እጅ የነበረው መዝገብ ግን ሌላ ነገር ይናገር ነበር። የሟች እናት ለመርማሪው በስልክ እንዳስረዱት ሕፃኑ የሆነውን ሁሉ ለአያቱ ነግሯቸዋል፤ እናቱን የመታት «ጭራቅ» እንደሆነ፣ አባቱም በዚያን ሰዓት ቤት እንዳልነበረ። ጎረቤቶችም አንድ ሰው አረንጓዴ መኪናውን በአካባቢው እያቆመ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ዛፋማ ቦታ ሲገባ ማየታቸውን ለፖሊስ ተናግረው ነበር። የሞርተን ጠበቆች ዋናው መርማሪ በዐቃቤ ሕግ ምስክርነት አለመቆጠሩ አጠራጥሯቸው ስለነበር ዳኛው የመርማሪው ጽሑፎች እንዲቀርቡላቸው አዘዙ። ለፍርድ ቤቱ ገቢ ሆኖ የታሸገው ሰነድ ከ24 ዓመት በኋላ ሲከፈት ግን የአያትየውም ሆነ የጎረቤቶቹ ቃል በውስጡ አልነበረም።

ሞርተንን ነጻ ያወጣው የሟች ወንድም ከቤቱ ጀርባ አንሥቶ ለፖሊስ ያስረከበው ደም የነካው መሐረብ ነው። መሐረቡ በዲኤንኤ እንዲመረመር የቀረበውን ጥያቄ ተከታዩ ዐቃቤ ሕግ ለዓመታት ሲቃወም ቆይቶ ምርመራው በ2011 ሲደረግ የሟች ደምና የሌላ ወንድ ዲኤንኤ ተገኘበት። ያ ሰው በጥር 1988፣ ማለትም ሞርተን ወህኒ በነበረበት ጊዜ፣ በኦስቲን ከተማ ሌላ እናት መግደሉ ታውቆ በኋላ በሁለቱም ግድያዎች ተፈርዶበታል። ሞርተን ወደ 25 ዓመት ገደማ ታስሮ ወጣ። ልጁ ደግሞ በሦስት ዓመቱ «አባቴ አልነበረም» ማለቱን የሚነግረው ሰው ሳይኖር፣ አባቱ እናቱን እንደገደለ እያመነ አደገ።

ዐቃቤ ሕጉ አንደርሰን ሞርተን ነጻ በወጣበት ጊዜ ዳኛ ሆኖ ነበር። በ2013 ፍርድ ቤት በመድፈር ክስ የ10 ቀን እስራትና የ500 ዶላር መቀጮ ተወስኖበት፣ የጥብቅና ፈቃዱንም መለሰ፤ ከአሥሩም ቀን የታሰረው ግማሽ ያህሉን ነው። የቴክሳስ ሕግ ያለአግባብ ለታሰረ ሰው ለእያንዳንዱ የእስራት ዓመት 80,000 ዶላር እንዲከፈል ስለሚያዝ ሞርተን ካሣ አግኝቷል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይባላል፤ የእርሱ በቅሎ ግን የሄደችው በፍርድ ስም ስለሆነ አባባላችን እንኳ አይደርስለትም።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ጉዳዩ በአንድ ክፉ ሰው ብቻ የሚብራራ ስላልመሰለኝ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለተከሳሽ የሚጠቅም ማስረጃ መደበቅ የሕገ መንግሥት ጥሰት ነው ብሎ የወሰነው በ1963 ነበር፤ ሞርተን የተፈረደበት ከዚያ በኋላ 24 ዓመት ቆይቶ ነው። ያለአግባብ ተፈርዶባቸው ነጻ የወጡ ሰዎችን የሚመዘግበው የአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ በ2020 ባወጣው ጥናት 2,400 ጉዳዮችን መርምሮ በ54 በመቶው የመንግሥት ሹማምንት ጥፋት እንደነበረበት፣ በ44 በመቶው ደግሞ ለተከሳሽ የሚጠቅም ማስረጃ ተደብቆ እንደነበር ገልጿል። በእኔ ግምት አብዛኛው ዐቃቤ ሕግ ንጹሕ መሆኑን እያወቀ ሰው አይከስም። ይልቁንም ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ብሎ አንዴ ካመነ ከዚያ እምነት ጋር የማይሄደው ቃል ሁሉ ተራ ወሬ ይመስለዋል፤ ወሬ ደግሞ ለማንም አይሰጥም። ስለዚህም የትኛው ማስረጃ ለመከላከያ እንደሚጠቅም የመወሰኑ ሥልጣን ሊያስቀጣ ለተነሣው ወገን ብቻ መተው የለበትም።

የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች በ2013 በሞርተን ስም ያወጡትና ከጥር 2014 ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ የተነሣው ከዚህ ነው። ዐቃቤ ሕግ የምርመራ መዝገቡን ለተከላካይ እንዲከፍት፣ የሰጠውን ሰነድ ሁሉ በዝርዝር እንዲመዘግብ፣ ለተከሳሽ የሚጠቅም ነገር ከፍርድ በኋላ ቢያገኝ እንኳ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ተከሳሹ ጥፋቱን ከማመኑ በፊትም ሁለቱ ወገኖች የተሰጠውን ሰነድ ዝርዝር በጽሑፍ ወይም በችሎት ያረጋግጣሉ።

ወደ እኛ ስመለስ፣ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 4 ለተከሳሽ የሚያረጋግጥለት የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከት መብት ነው። መከላከያ ማስረጃ የማስቀረብ መብትም ሰጥቶታል፤ ነገር ግን መኖሩን የማያውቀውን ማስረጃ እንዴት ብሎ ይቅረብልኝ ይላል? በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ውስጥም ዐቃቤ ሕግ ለተከሳሽ የሚጠቅመውን እንዲያሳውቅ በግልጽ የሚያስገድድ ድንጋጌ የለም። በተግባር ለእኛ የሚደርሰን ክሱና ከጀርባው የተያያዘው የማስረጃ ዝርዝር ነው፤ ይኸውም የሰው፣ የሰነድ፣ ካለም የኤግዚቢት (በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ)። ፖሊስ አሥር ሰው ቃል ተቀብሎ ዐቃቤ ሕግ አራቱን ቢቆጥር ስድስቱ ምን እንዳሉ ለማወቅ መንገድ የለንም። ምናልባት የሚረባ ነገር አላሉ ይሆናል፤ ምናልባትም አንዱ «ያን ዕለት እኛ ቤት ነበር» ብሏል።

የምስክሮች ደኅንነት ጉዳይ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ለዚሁ ተብሎ በ2003 ዓ.ም. የወጣ አዋጅም አለን። ጥበቃው የሚያስፈልገው ምስክር መኖሩን አልክድም። ሆኖም አዋጁ የታሰበው ተከሳሽን ለሚያጋልጥ ምስክር ነው፤ ተከሳሹን ነጻ ሊያወጣው የሚችለውን ሰው ከራሱ ከተከሳሹ የምንደብቅበት ምክንያት አይታየኝም። ጊዜና ወረቀት ያባክናል የሚለው ምክንያትም ቢሆን አያስኬድም፤ ፖሊስ የተቀበለው ቃል ቀድሞውኑ ተጽፎ መዝገቡ ውስጥ አለ።

በሥነ ሥርዓት ሕጉ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች እንዲያስቡበት የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ በምርመራ መዝገቡ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ዐቃቤ ሕግ የማይጠቀምበትም ጭምር፣ ተዘርዝሮ ከክሱ ጋር ይሰጥ፤ ሆን ብሎ ላጎደለም የዲሲፕሊን ብቻ ሳይሆን የወንጀል ተጠያቂነት ይኑርበት። በተለይ ክሱ በተነበበበት ዕለት ጥፋቱን አምኖ ወዲያው ለሚፈረድበት ተከሳሽ፣ ያውም ብዙ ጊዜ ጠበቃ ለሌለው፣ ይህ ዝርዝር የእምነት ክህደት ቃሉን ከመስጠቱ በፊት እጁ ሊገባ ይገባል። ሕጉ እስኪሻሻልም ቢሆን ዳኞቻችን ክሱን ሲሰሙ ዐቃቤ ሕጉን «ያልቀረበ የምስክር ቃል መዝገቡ ውስጥ አለ ወይ?» ብለው ጠይቀው መልሱን በመዝገብ ቢያሰፍሩ የሚከለክላቸው ሕግ የለም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ተከላካይ ጠበቃ፣ ከአዲስ አበባ