የቢሾፍቱ ኤርፖርት የመንገደኛ ትንበያ በምን ስሌት ተሠራ? ከአዳማ ለሚመለከተው ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ትንበያው የተሠራባቸውን ታሳቢዎች እንድታሳዩን በጽሑፍ ጠይቀን፣ ደብዳቤያችን መዝገብ ቤታችሁ ገብቶ ማህተም ተመትቶበታል። መልስ ግን የለም። በተመላለስን ቁጥር የሚነገረን «አማካሪው ጋ ነው» የሚል ብቻ ነው። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለመልስ 30 ቀን እንደሚሰጥ ያውቃሉ። ገበሬው ከእርሻው የሚነሣው በዚህ ትንበያ ነው፤ ስሌቱን ለማየት ደጅ መጥናት አልነበረብንም።

ኤርፖርቱ በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታቅዷል። 80 በመቶ ያህሉ ትራንዚት፣ ማለትም አውሮፕላን ቀይሮ ወደ ሌላ አገር የሚያልፍ፣ እንደሚሆን ተነግሯል። ሥጋታችን እዚህ ላይ ነው። ትራንዚት መንገደኛ ቀጥታ በረራ ካገኘ አይመጣም። ኤርባስ ኤ321 ኤክስኤልአር እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 መንገደኛ ማጓጓዝ ጀምሯል፤ በወንበሮቹ መካከል አንድ መተላለፊያ ብቻ ያለው አነስተኛ አውሮፕላን ሆኖ ሳያርፍ እስከ 8,700 ኪሎ ሜትር መብረር ይችላል። ከሌጎስ ሙምባይ 7,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ባለ መስመር ትልቅ አውሮፕላን በየቀኑ የሚሞላ ሰው ስለማይገኝ፣ መንገደኛውን አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ላይ ማሰባሰብ ያዋጣ ነበር። 200 ገደማ ወንበር ያለው አውሮፕላን ግን መንገደኛውን በቀጥታ ሊወስደው ይችላል። እርግጥ የፊት ነፋስና ጭነት ርቀቱን ይቀንሱታል፤ ያው አውሮፕላን ለእኛም አዲስ መስመር ሊከፍትልን ይችላል። ስለዚህ በግራፍ ላይ አንድ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ብቻ አስምሮ ትንበያ ነው ማለት አይቻልም። ከትራንዚቱ 10 በመቶ ቢቀር ምን ይሆናል? 30 በመቶስ ቢቀር?

ነዳጁም አለ። በአውሮፓ ኅብረት ኤርፖርቶች የሚቀርበው የጄት ነዳጅ ዘላቂ ነዳጅ (ከድፍድፍ ዘይት ሳይሆን ከተጠቀሙበት የምግብ ዘይትና ከመሳሰሉት የሚሠራ) እንዲቀላቀልበት ሕግ ወጥቷል፦ እ.ኤ.አ. በ2025 2 በመቶ፣ በ2030 6፣ በ2050 70 በመቶ። ይህ ነዳጅ ውድ ነው። ከዚህ ሞልቶ ሄዶ ማምለጥም አይቻልም፤ ከዚያ ለሚነሡ በረራዎች ከሚያስፈልገው ዓመታዊ ነዳጅ 90 በመቶውን እዚያው መቅዳት ግዴታ ነው። የቲኬት ዋጋ ሲጨምር ምን ያህል መንገደኛ እንደሚቀር በትንበያው ተሰልቷል?

የኤሌክትሪክ አውሮፕላን የረጅም ርቀት በረራን አያሰጋም። አንድ ኪሎ የጄት ነዳጅ 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ሲይዝ፣ አንድ ኪሎ ባትሪ ሩብ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው የሚይዘው፤ በዚያ ላይ ነዳጅ እየነደደ ሲቀል፣ ባትሪ ግን በበረራ ላይ አይቀልም። ለአጭር የአገር ውስጥ በረራ ግን ሊመጣ ይችላል። 1,000 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በግማሽ ሰዓት ለመሙላት 2 ሜጋ ዋት ይፈልጋል። አምስት አውሮፕላን አንድ ላይ ሲሞላ 10 ሜጋ ዋት ነው፤ አዳማ አንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በሙሉ አቅሙ ከሚሰጠው 51 ሜጋ ዋት አንድ አምስተኛው ማለት ነው። ይህን ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ማስገባት ማለት የአውሮፕላን ማቆሚያውን ቆርጦ ኬብል መቅበር፣ ማቆሚያዎቹን በየተራ ከሥራ ማስወጣት ነው። በዲዛይኑ ላይ የኬብል ቱቦና የትራንስፎርመር ቦታ ካለ ያሳዩን። ከሌለ አሁን ይግባ።

ከአዳማ፣ በሙያው ያለን ነዋሪዎች