ለደንበኞቻችን፦ ቀለም የምንፍቅበት ምክንያት

ውድ ደንበኞቻችን፣

የብረት ማማዎቻችሁንና ሌሎች መዋቅሮቻችሁን ለመመርመር ስንመጣ፣ ከብየዳው ላይ ቀለም ስለምንፍቅ ቅር የተሰኛችሁ አላችሁ። «መንቀጥቀጡን የሚለካ ሴንሰር ገጥማችሁልን የለም እንዴ?» ብላችሁም ጠይቃችሁናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ያገኘነው ባሕር ላይ ከሚሠሩ ባለሙያዎች ነው።

መጋቢት 18 ቀን 1972 ዓ.ም. ምሽት፣ በሰሜን ባሕር ኤኮፊስክ የነዳጅ መስክ፣ አሌክሳንደር ኪላንድ የተባለው የኖርዌይ ተንሳፋፊ መድረክ ተገለበጠ። የነዳጅ ሠራተኞች ማደሪያ ነበር፤ ከ212 ሰው 123ቱ አለቁ። ከአምስት እግሮቹ አንዱን ከያዙት ስድስት ቱቦዎች መጀመሪያ አንዱ ተበጠሰ። ሸክሙ የዞረባቸው አምስቱም ተከታትለው ሄዱ፣ እግሩም ተገንጥሎ ቀረ። ነገሩ ሲመረመር መነሻው የድምፅ መቀበያ መሣሪያ እንዲይዝ ቱቦው ላይ የተበየደ ትንሽ ብረት ሆኖ ተገኘ። ብየዳው ደካማ ነበር፤ ስንጥቁ ከዚያ ጀምሮ ማዕበል በመታው ቁጥር አደገ። ውስጡ የቀለም ርዝራዥ ተገኝቶበታል፤ መድረኩ ገና ከተሠራበት ሳይወጣ ተሰንጥቆ፣ በላዩ ላይ ቀለም ተቀብቶበት ነበር ማለት ነው።

የክራር ጅማት ሲላላ ድምፁ እንደሚወርድ ሁሉ፣ መዋቅርም ሲዳከም ውዝዋዜው ይዘገያል። ሴንሰሩ የሚያዳምጠው ይህንን ነው። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ግን ውዝዋዜውን አትለውጠውም። ባሕር ላይ ስለዚህ ሌላም ዘዴ ይጨምራሉ፦ ቱቦዎቹ ውስጣቸው ባዶ ስለሆነ፣ ውሃ የገባበት ካለ ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ ያንን ሰው አልባ ሰርጓጅ እየዞረ ይለያል። ብየዳውንም የተጣበቀበትን የባሕር እፅዋትና ዛጎል ጠርገው ያዩታል። እኛም ቀለም የምንፍቀው ለዚሁ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ደንበኛችን ግቢ የውሃ ታንከር ማማ ላይ ወጣን። እግሩ ላይ የካሜራ ማንጠልጠያ ተበይዷል፤ ከሥሩ ያለው ፓምፕ ቀንም ሌሊትም ያንቀጠቅጠዋል። ቀለሙን ፍቀን ስንጥቅ ውስጥ የሚሰርግ ቀይ ፈሳሽ ቀባን፣ ጠብቀን ጠረግነው፣ የሰረገውን ስቦ የሚያወጣ ነጭ ዱቄት ስንነፋበት ከብየዳው ጫፍ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቀይ መስመር ወጣች። ሴንሰሩ አንድም ቀን ምልክት አልሰጠም። አምና እኛም ያንኑ ቦታ ከቀለም በላይ አይተን አልፈነው ነበር፤ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ደንበኛችንንም ይቅርታ ጠይቀናል።

እባካችሁ ታፔላም ሆነ ካሜራ ወይም የመብራት ገመድ መያዣ ከማስበየዳችሁ በፊት ደውሉልን። የተበየደ ካለም ንገሩን፤ ለዚህ አናስከፍልም፣ የፋቅነውንም ቀለም መልሰን እንቀባለን።

ከሰላምታ ጋር