የአምፕሊፋየር ኪታችን ዝም ላለባችሁ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በቅርቡ ከደሴው ሱቃችን ትንሿን የአምፕሊፋየር ኪት (ራሳችሁ የምትገጣጥሙትን የድምፅ ማጉያ) ከገዛችሁት አንዳንዶቻችሁ «ገጣጠምነው፣ ግን ትንፍሽ አይልም» ብላችሁ ደውላችሁልናል። ጥፋቱ የእኛ ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኪቱ ጋር ባለው ሥዕል ላይ ያለው የመግቢያ ትራንዚስተር (ድምፁን መጀመሪያ ተቀብሎ የሚያጎላው ባለ ሦስት እግር ዕቃ) ቢሲ 547 ነው። እሱ ሲያልቅብን በ2ኤን 3904 ተካነው። ለዚህ ሥራ ሁለቱም ይሆናሉ፤ መልካቸውም አንድ ነው። የእግራቸው ቅደም ተከተል ግን ይለያል፤ ሦስቱ እግሮች ኮሌክተር፣ ቤዝ እና ኤሚተር ይባላሉ። ጠፍጣፋ ፊቱን ወደ እናንተ፣ እግሩን ወደ ታች አድርጋችሁ ያዙት። ቢሲ 547 ከግራ ወደ ቀኝ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው። 2ኤን 3904 ደግሞ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር። ስለዚህ ቦርዱ ላይ ከተሳለው በተቃራኒ አዙራችሁ ትተክሉታላችሁ። ይህን ወረቀቱ ላይ ሳንጽፍ ሸጥንላችሁ።

አንድ ደንበኛችን ከሐይቅ ቦርዱን በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። ብየዳው ያምራል፤ እያንዳንዱ ነጥብ ያብረቀርቃል። ሁለቱ የመውጫ ትራንዚስተሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ስናደርግ ከ7 ቮልት በላይ አነበበ። በ9 ቮልት ባትሪ እዚያ ጋ መነበብ ያለበት 4.5 አካባቢ ነው። ድምፁ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚወዛወዘው ከዚያ መሃል ተነስቶ ነው። አንዱ ጫፍ ላይ ከተጣበቀ መሄጃ የለውም። አዲስ ትራንዚስተር አዙረን ተከልን፤ 4.4 ሆነ። ስልኩን ስንሰካበት ክራሩ ወጣ። እናንተም ስፒከሩን ከመግጠማችሁ በፊት ይህችን ቦታ ለኩ። ተገልብጦ የቆየ ትራንዚስተር ስለሚደክም መልሳችሁ አትጠቀሙበት። አዲሱን በነፃ እንሰጣለን።

«ሁለቱን ዳዮዶች በሽቦ ብንተካቸውስ?» ያላችሁም አላችሁ። እባካችሁ ይቅርባችሁ። ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ ነው። የመውጫዎቹ ቢሲ 337 እና ቢሲ 327 ለመንቃት እያንዳንዳቸው 0.6 ቮልት ያህል ይፈልጋሉ። ዳዮዶቹ ያንን ቀድመው ያዘጋጁላቸዋል። አለበለዚያ አንዱ ለሌላው ሲያስረክብ መሃል ላይ ክፍተት ይፈጠራል። ጮክ ባለ ዘፈን ብዙም አይታወቅም። ትዝታን በክራር ስትሰሙ ግን፣ ክሩ ተመትቶ ድምፁ እየሳሳ ሲሄድ፣ መጨረሻው ይሻክራል፤ ይቆራረጣል። ባቲና አምባሰል ሲሰማ ያደገ ጆሮ ይህን አያልፈውም። የዳዮዶቹን ብየዳም አጥብቁት። አንዱ ዳዮድ ከተነቀለ ሁለቱም ትራንዚስተሮች አንድ ላይ ይከፈቱና ጣት እስኪያቃጥል ይግላሉ። ያኔ ባትሪውን ወዲያው ንቀሉ።

ድምፁ አነሰ ላላችሁን፣ በ8 ኦም ስፒከር የሚወጣው ግማሽ ዋት ገደማ ነው። ለአንድ ክፍል ይበቃል፤ ለሠርግ ዳስ አይሆንም። ትንሿ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ቶሎ ስለምትደክም ስድስት የባትሪ ድንጋይ ብትደረድሩ ይሻላል።

ከኮምቦልቻ፣ ከባቲና ከወልዲያ የገዛችሁ፣ መምጣት ካልተመቻችሁ ቦርዱን ወደ ደሴ በሚመጣ ሰው ላኩልን። ሠርተን እንመልስላችኋለን። አብሽሩ፣ ሳንቲም አንቀበልም።

ከአክብሮት ጋር
የጥገና ክፍሉ፣ ደሴ