ስማችሁን ሳላውቅ ለረዳችሁኝ ሁሉ

ይህ ምስጋና በጣም ዘግይቷል። ባሕር ዳር ላይ ማራቶን ስሮጥ የጠቆረው የአውራ ጣቴ ጥፍር ወድቆ ሌላ በቅሏል። ያኔ የጎጃም መንገድ ሰላም ነበር፤ ያን ጊዜ ይመልስልን። ላመሰግናቸው የምፈልጋቸውን አብዛኞቹን በስም ስለማላውቃቸው በአደባባይ ከመጻፍ ሌላ መላ የለኝም።

መጀመሪያ ለኤፍኤስአሩ ሹፌርና ለረዳቱ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን መውጣት አለ። የጓደኛዬ ቪትስ ቁልቁለቱን እንደምንም ወረደች። በጃፓን እርዳታ የተሠራውን የህዳሴ ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን ስንያያዘው ግን የሙቀት መለኪያው ቀይ ላይ ደረሰ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሳ። ጓደኛዬ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት እጁን ሲሰድ «አንተ! ፊትህን ልትቀቅለው ነው?» የሚል ጩኸት ከኋላችን መጣ። ረዳቱ ነበር። ከጎማችን ሥር ድንጋይ ወሸቀ። ሞተሩ እስኪበርድ አስጠበቀን። ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ቀስ እያለ አስተነፈሰው፣ ከዚያ ከራሳቸው ጀሪካን ውሃ ሞላልን። በረሃውን የሚያውቅ እዚያ ውሃ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ብር ስንዘረጋ ሹፌሩ «ደጀን ስትደርሱ ቱቦውን አሳዩት» ብሎን ነዳው። የደጀኑ መካኒክም ከቱቦው ዋጋ ሌላ ሳንቲም አልተቀበለም። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ።

ከደጀን ባሕር ዳር በሞጣ በኩል ያጥራል። ግን ጓደኛዬ ደብረ ማርቆስ አክስት አለው፤ ሳይገቡ ማለፍ አይታሰብም። እትዬ፣ «ማን አሳዶህ ነው ይህን ሁሉ የምትሮጠው?» ያሉኝ አሁንም ያስቀኛል። ማራቶን ሯጭ ከውድድሩ በፊት ባሉት ቀናት እህል በደንብ መብላት አለበት። ሰውነት ያጠራቀመው ስኳር 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ማለቅ ይጀምራላ። ይህን ማንም አልነገረዎትም፤ ግን «በሞቴ» እያሉ ከየትኛውም አሠልጣኝ በላይ ሞሉኝ። አረቄው ብቻ ሳይነካ ቀረ። እኔ ሯጭ፣ እሱ ሹፌር!

ደንበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን እያዋዛን አለፍን። እንጅባራ ላይ ጓደኛዬ የቀርቀሃ ወንበር አይቶ ካልገዛሁ አለ። ሻጩ ግን «ስትመለስ ትወስደዋለህ፣ አሁን ሯጩን አሳርፈው» ብሎ መለሰው። ገበያውን ለእኔ ሲል ያዘገየ ነጋዴ ሌላ አላየሁም።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለአዲስ አበባ ልጅ ትንፋሽ ይቀልለዋል። ሙቀቱ ነው ጉዱ። ማለዳ በሐይቁ ዳር፣ በዘንባባው ጥላ ሥር ስንሮጥ ሁሉም አማን ነበር። ፀሐይዋ ከጠነከረች በኋላ፣ 32 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ባቴን ጨምድዶ ያዘኝ። የውሃ መስጫው ጠረጴዛ ባዶ ነበር። (ለዚህ የማመሰግነው ሰው የለም።) ቡና የምትሸጠው እህቴ ግን ሎሚ ጨምቃ፣ ጨው ጣል አድርጋ በብርጭቆ ሰጠችኝ። ዱካዋንም ልታስጠጋልኝ ስትል ጓደኛዬ ከብስክሌቱ ላይ «እንዳታስቀምጪው! ከተቀመጠ አይነሳም!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነበር።

አንተ ጓዴ፣ ሩጫ የሚባል ነገር አትወድም። ለታክሲ እንኳ አትሮጥም። ሆኖም ያንን ሁሉ መንገድ ነዳህ፣ ሌሊት ተነስተህ ቀሰቀስከኝ፣ ብስክሌት ተከራይተህ እስከ መጨረሻው ከጎኔ አልተለየህም። «አይዞህ» ሲያልቅብህ ወደ ስድብ ገባህ። ስድቡ ነው የሠራው። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን ጨርሻለሁ፤ ሰዓቴን አትጠይቁኝ።

የብስክሌት አከራዩ ልጅም አልተረሳህም። ከተባባልነው ሰዓት አሳልፈን ብንመልስልህ ጭማሪ አልጠየቅከንም። ጭራሽ «ይሄማ መራመድም አይችል» ብለህ እኔን ከኋላ ጭነህ ማረፊያችን አደረስከኝ። እግዜር ይስጥልኝ።